አረንጓዴ የተቀባው ካርታ

ጃንዋሪ 9፣ ረቡዕ፣ ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ

ጽሑፉ ዛሬ በፖስታ ደረሰኝ። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጥንቸል ስያለሁ፣ የመኪና ሞተር ስያለሁ፣ የሰው ጥርስ ከነሥሩ ስያለሁ። አይሁዶችን ሳዪ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። አሁን በጦርነቱ ከናዚዎች የዳንንበት ሰባኛው ዓመት ሊከበር ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትዝ አልናቸው። «አይሁዶችና አገራችን፦ እውነተኛ ታሪክ ለልጆች» ይላል ርእሱ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ቤት እስክገባ እንኳ አልጠበቅሁም፣ ደረጃው ላይ ቆሜ ከፈትኩት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ «ከብዙ ዘመን በፊት አገራችን እንግዶች ተቀበለች።»

እንግዶች!

የአባቴ ወገኖች ከስፔን ተባርረው እዚህ ከተማ ከገቡ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ በሮማውያን ዘመን እዚሁ ነበሩ፤ የምኩራባቸው ወለል ከነጌጡ ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ሄዶ ማየት ይቻላል። ያኔ ቡልጋሮች ገና የዳኑብን ወንዝ አልተሻገሩም። ታዲያ በሩን ከፍቶ «ግቡ» ያለን ማን ነው?

ኮቴን ሳላወልቅ ምሳዬን በላሁ። መናደዴን ያወቅሁት ሳህኑን ሳጥብ እጅጌዬ ሲረጥብ ነው።

ጃንዋሪ 10

ጨረስኩት። ከሁሉ የሚያናድደው መጥፎ አለመሆኑ ነው። ያ የ1943 የማርች ቀን፣ ለናዚዎች ሊሰጧቸው ፖሊሶች ሰዎቻችንን ከየቤታቸው አውጥተው የአይሁድ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ያጎሩበት ቀን፣ በደንብ ተጽፏል። አባቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጎረቤቶች ዳቦ ይዘው መምጣታቸው፣ የከተማው ጳጳስ መጥተው ከእነሱ ጋር እንደሚቆሙ መናገራቸው፣ ከሰዓት በኋላ «ወደየቤታችሁ ሂዱ» መባሉ፣ ሁሉም አለ። አባቴ በየዓመቱ ያንን ቀን ሲያስታውስ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ምስጋናውን እኔም አልነፍግም።

ግን ግሦቹን ተመልከቱ። አይሁዶች መጡ፣ ተቀበልናቸው፣ አስጠጋናቸው፣ አዳንናቸው፣ ወደ አገራቸው ሸኘናቸው። በሠላሳ ሁለት ገጽ ውስጥ በገዛ እጁ አንድ ነገር የሠራ አይሁዳዊ የለም! ዳቦ የጋገረ የለም፣ ጫማ የሰፋ የለም፣ ጋዜጣ ያተመ የለም። የአባቴ አያት በባልካን ጦርነት የቀኝ እግሩን ጉልበቱ ላይ ተቆርጦ ነው የተመለሰው። ለሰው አገር እግሩን የሚሰጥ እንግዳ የትኛው ነው?

ጃንዋሪ 17፣ ሐሙስ

ዋና ከተማው ሶፊያ ደርሼ ተመለስኩ። የመጽሐፉ አዘጋጅ ራዶስቲና ትባላለች፤ የልጄ እኩያ ትሆናለች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሰው የምታከብር ልጅ ናት። መጥላት ብችል ይቀለኝ ነበር።

«ወይዘሮ ታጀር፣ እንግዳ እኮ የክብር ቃል ነው። እንግዳ ይወደዳል» አለችኝ።

«እንግዳ ይሄዳል» አልኳት።

ሳቀች። «እሺ፣ ምን ይባል?»

«የአገሩ ሰዎች።»

«ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። ታዲያ አይሁድ ምንድን ነው ይላሉ። ሃይማኖት ነው? ሕዝብ ነው? አገራቸው እዚህ ነው፣ እዚያ ነው? አንዱን መምረጥ አለብን።»

«እኔ አንዱን አልመረጥኩም። ሁለቱም ነኝ፤ አንዱ ሌላውን ከቤት አላስወጣውም።»

«ለስምንት ዓመት ልጅ ይከብዳል።»

«እኔ በስምንት ዓመቴ አልከበደኝም።»

እየሰማችኝ ጻፈችው። ጥሩ አድማጭ ናት። ብስኩት አቀረበችልኝ፣ በላሁ። «ሁሉም ዳኑ» ስለሚለው ገጽ አሥራ ስምንት ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለምን ዝም አልኩ? ባቡር ላይ መንገዱን በሙሉ ራሴን ስወቅስ መጣሁ።

ጃንዋሪ 19

ራዶስቲና ኢሜይል ልካለች። በጣም ደስ ብሏታል፤ ደራሲው ተስማምቷል። ዓረፍተ ነገሩ ተስተካክሏል፦ «ከብዙ ዘመን በፊት አገራችን ወዳጆች ተቀበለች።»

ወዳጆች። ጉድ እኮ ነው።

ጃንዋሪ 22

አክስቴ ሉና ከዱፕኒትሳ ደወለች። የእናቴ እህት ናት፤ ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ትኖራለች። ስታወራኝ ሳል አቋረጣት፤ «ምድጃው እያጨሰ ነው» አለችኝ። ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ሰው ጥሪ አልኳት። መቼ ትመጫለሽ አለች። ሥራው ጋብ ሲልልኝ።

ጃንዋሪ 26፣ ቅዳሜ

ልጄ ዣክ ከእስራኤል፣ ከሃይፋ በስካይፕ ደወለ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ግን ክፍት ነበር።

ስለ መጽሐፉ ስነግረው፣ «እማ፣ ምን ጠበቅሽ? እዚያ ሁልጊዜ እንግዳ ነሽ። ነይ እዚህ፣ ኖጋም አያት ያስፈልጋታል» አለኝ። ኖጋ የልጅ ልጄ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷም የትምህርት ቤት መጽሐፏን አምጥታ ስክሪኑ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ሕዝባችን ከየአገሩ እንዴት እንደተሰበሰበ የሚያስረዳ የልጆች መጽሐፍ ነው።

«አያቴ፣ እናንተም አላችሁ!»

አነበበችልኝ። ስለ እኛ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «የቡልጋሪያ አይሁዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በመርከብ ወደ ቤታቸው መጡ።» ሥዕሉ መርከብ ነው። መርከቡ ላይ ጥቃቅን ጭንቅላቶች ተደርድረዋል፣ ፊት የላቸውም።

«ከመርከቡ በፊት ምን ይላል?»

«ከመርከቡ በፊት የለም» አለች።

«ፕሎቭዲቭስ?»

ገጹን አገላብጣ ፈለገች፣ የኔ ቆንጆ። «የለም አያቴ።»

አንዱ መጽሐፍ በር ላይ አቁሞ እንግዳ ይለኛል። ሌላው ከባሕር ውስጥ አውጥቶ ቤትሽ ገባሽ ይለኛል። መሐል ላይ አምስት መቶ ዓመት የት ገባ? ሕዝብ ነን ካሉ፣ ሕዝብ መርከብ ላይ ሲወጣ ነው እንዴ የሚፈጠረው?

ዣክን ይህንኑ ጠየቅሁት። «እማ፣ የልጅ መጽሐፍ ነው» አለኝ። ራዶስቲናም ያለችው ከዚህ አይርቅም።

ፌብሯሪ 2

የገጽ አሥራ ስድስት ትእዛዝ መጣ። እነሆ፣ እንዳለ ልገልብጠው፦ «ካርታ። አገራችን በጦርነቱ ዘመን። የድሮው ድንበርና የተመለሱልን መሬቶች፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ።»

የተመለሱልን የሚባሉት በ1941 ወታደሮቻችን ከጀርመን ኋላ ተከትለው የገቡባቸው ናቸው፤ የግሪክ የኤጌ ባሕር ዳርቻ፣ መቄዶንያ። የካቫላ፣ የድራማ፣ የስኮፕዬ ከተሞች። ሁሉም አረንጓዴ።

ቀለሙን በጠበጥኩ። ብሩሼን አነሣሁ። ገጹን ገለጥኩና አሥራ ስምንትን እንደገና አነበብኩ፦ «በ1943 አይሁዶቻችን በሙሉ ዳኑ። ከአገራችን አንድም ሰው ባቡር ላይ አልወጣም።»

ብሩሹን አስቀመጥኩ።

ከእነዚህ ከአረንጓዴዎቹ ከተሞች ነው ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ አይሁዳዊ የወጣው! የእኛ ፖሊስ ከየአልጋቸው አስነሥቶ፣ የመቄዶንያዎቹን ከስኮፕዬ በቀጥታ በባቡር፤ የኤጌዎቹን በእኛ ባቡር፣ በእኛ ሐዲድ፣ አገራችንን አቋርጦ እስከ ሎም ወደብ፣ ከዚያ በዳኑብ መርከብ፤ ሁሉንም ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ፣ ወደ ትሬብሊንካ። መሬቱ በገጽ አሥራ ስድስት የእኛ ነው፤ ሰዎቹ ግን ገጽ አሥራ ስምንት ላይ የማንም አይደሉም። በመሐል አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ይህን ያህል ቅርብ አድርገው ሲዋሹ አያፍሩም?

ፌብሯሪ 5

ራዶስቲና ጋ ደወልኩ። በዚህ ጊዜ ብስኩት አልነበረም።

«ወይዘሮ ታጀር፣ እነዚያ ሰዎች እኮ ዜጎቻችን አልነበሩም።»

«ማን ከለከላቸው? ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ዜግነት ተሰጠ፤ ለእነሱ ብቻ አይሆንም ተባለ።»

«ጀርመን ናት ያዘዘችው።»

«ሰዎቹ የተቆለፈባቸው መጋዘን ቁልፍ በማን ኪስ ነበር?»

«እኔ ይህን በትምህርት ቤት አልተማርኩም» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ቀጥላ ግን፣ «ይህ የደስታ መጽሐፍ ነው። ልጆች የሚኮሩበት አንድ ነገር ይኑራቸው። አይኑራቸው?»

«ይኑራቸው። አረንጓዴውን ታዲያ አንሱት።»

«እሱን ብናነሣ ሌላ ሰው ይነሣብናል።»

እውነቷን ነው፣ ይነሣል። ለመሬቱ የሚነሣ ሰው መቼም አይጠፋም።

ፌብሯሪ 13፣ ረቡዕ

ክበባችን ውስጥ አቶ ኒሲም ኮንፎርቲ ለብቻ ጠሩኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፣ ከረባታቸው ሳይታሰር አይቷቸው የሚያውቅ የለም። ራዶስቲና ደውላላቸዋለች።

«ሳሪና፣ ካርታ ምን አደረገሽ?» አሉኝ።

«አረንጓዴ አደረጉት።»

«ይሁና! ቀለም ነው። ለበዓሉ አምባሳደሮች ይመጣሉ፣ ሚኒስትር ይመጣል። እኛ እዚህ ከተማ ስንት ሰው ቀረን? በስማችን ጥሩ ነገር ሊባል ነው፣ አንቺ ጣትሽን ዐይናቸው ውስጥ ትከቻለሽ።»

«ጥሩውንም እኮ አልካድኩም።»

«ካልካድሽ በሱ ላይ ቁሚያ! ዣክ ሃይፋ ነው፣ አንቺም ብትፈልጊ ነገ ትሄጃለሽ። እኔ የት ልሂድ? እኔ እዚህ ነው የምኖረው።»

«እኔስ የት ነው የምኖረው?» ስላቸው ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ አለ፤ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት አሮጊቶች ዘወር አሉ። አንዷ ለሌላዋ፣ «ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆነች» ስትል ሰማሁ።

ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው! ምን አገናኘው?

ፌብሯሪ 17

መንገዱ በሰልፈኛ ተሞልቷል፤ የመብራት ሒሳብ ሰውን አንገፍግፎታል። በመስኮት እያየሁ ሥራ አልሠራሁም። አክስቴ ደወለች፤ ስልኩን ያነሣሁት ብሩሽ በጥርሴ ይዤ ነው። ምድጃው አሁንም ያጨሳል መሰለኝ፣ በደንብ አላስወራኋትም። መልሼ እደውላለሁ አልኳት።

ፌብሯሪ 18

አልደወልኩም።

ፌብሯሪ 24፣ እሑድ

ዱፕኒትሳ ሄጄ መጣሁ። በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

በሩን ጎረቤቷ ናት የከፈተችልኝ። አክስቴ ሉና አልጋዋን ወጥ ቤት አስገብታለች። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ ውስጡ አመድ እንኳ የለም። «ያጨሳል ብለሽኝ አልነበር?» ስላት፣ «ያጨስብኝ ነበር፣ ተውኩት» አለችና ሳቀች፣ ከሳቁ ሳል ወጣ። ሐኪም አይቶኛል አለች። መቼ እንዳያት አልነገረችኝም።

ቡሬኪታስ ይዤላት ሄጄ ነበር፣ ሳምቡሳ መሳይ ነው፣ አይብ የገባበት። አንዷን ግማሽ አድርጋ በላች። ስለ መጽሐፉ ነገርኳት፤ እንግዶች ስለመባላችን ስነግራት ቀና አለች።

«እንግዳ? እንግዳ ሲመጣ ወንበር ያቀርቡለታል። የእኛንማ በጦርነቱ ጊዜ ፖሊሶቹ ወንበራችንን ነው ተሸክመው የወጡት። አውራ ጎዳናው ላይ በጨረታ ሲሸጥ አይቼዋለሁ፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ገዛው።»

ካርታውን አሳየኋት። ጣቷን ካቫላ ላይ አሳረፈች። «ቡካ» አለች። የእናቷ እህት ነበረች፣ ካቫላ የተዳረች። ስሟን ሰምቼ አውቃለሁ። «በጦርነቱ ጊዜ ጠፋች» ነው የሚባለው፤ ከዚያ አልፎ ያወራኝ የለም።

«የት እንደጠፋች እኔ አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «እዚህ ነበረች። የትንባሆው መጋዘን ውስጥ። ባቡሩ እስኪመጣ እዚያ ነው ያጎሯቸው፣ እስከ ጣራው ድረስ። አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ሄድን። ፖሊሱ ‘ወደ ኋላ’ ይላል፣ በዚሁ በዱፕኒትሳ አነጋገር። የአይብ ነጋዴው ልጅ ነበር፣ በየሳምንቱ ከአባቱ ሱቅ የምንገዛ። ቡካ በላይኛው መስኮት ታየችን። እናቴ በእኛ በእስፓኝኛችን፣ ‘ምን ላምጣልሽ?’ ብላ ጮኸች። ምን ብትል ጥሩ ነው? ማበጠሪያ።»

«ማበጠሪያ?»

«‘የልጆቹ ፀጉር ተያይዟል፤ ስንደርስ ሰው እንዲህ ሆነው እንዳያያቸው’ አለች። እናቴ የራሷን ከፀጉሯ ነቅላ ሰጠችኝ። እኔ ትንሽ ነኛ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኬ ከታችኛው መስኮት ለተዘረጋ እጅ ሰጠሁ፣ ወደ ላይ አሳለፉላት። ስንመለስ እናቴ ደስ ብሏት ነበር። ‘ማበጠሪያ ካሰበች ደህና ናት’ ትለኝ ነበር፣ መንገዱን ሁሉ።»

ለሰባ ዓመት ማንም አልጠየቃትም እንጂ ዝርዝሩ ሁሉ በልቧ ነበር።

«አሁን ይህን ትስይዋለሽ?» አለችኝ።

«እስለዋለሁ።»

«ፖሊሱን ጭራቅ አታድርጊው። ቆንጆ ልጅ ነበር። ቆንጆ አድርጊው።»

ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ ብያታለሁ። ለጎረቤቷ እንጨት እንድታስመጣላት ነገርኳት።

ፌብሯሪ 27

ሠራሁት። መስኮቱ፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ሥር የገባችው ልጅ፣ የተዘረጋው እጅ። ፖሊሱ ቆንጆ ነው፣ ጉንጩ ቀይ። ካርታውንም ሠራሁ፤ አረንጓዴውን እንዳዘዙት ቀባሁት፣ አንድ ዓይነት፣ ምንም ሳላጓድል። በላዩ ላይ ግን ከኤጌ ባሕር እስከ ሎም ወደብ ትናንሽ የባቡር ፉርጎዎች ደረደርኩ። ላክሁት።

ማርች 1

ሰው ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ አስሮ «መልካም ማርች» ይባባላል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ለእኔም አሰረችልኝ። ከራዶስቲና ምንም የለም።

ማርች 2፣ ቅዳሜ

ዱፕኒትሳ አልሄድኩም። ከሶፊያ ሊደወልልኝ ይችላል ብዬ ነው። አልተደወለም።

ማርች 5

ራዶስቲና ደወለች። ሁለቱንም ሥዕሎች አይቀበሉም። የማበጠሪያውን ሥዕል ስታይ ማልቀሷን ነገረችኝ፤ አምናታለሁ። «ግን አለቆቼ…» አለች። ካርታውን የቢሯቸው ልጅ በኮምፒውተር ቀብቶታል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል።

«ስሜን አውጡልኝ» አልኳት።

«ሽፋኑ ታትሟል። በትልቁ ነው የተጻፈው፣ ያምራል።»

ያምራል! አስታቅፈውኝ ሊሄዱ ነው። የግቢው ሥዕል የእኔ ነው፣ ጳጳሱ የእኔ ነው፣ ዳቦ ያመጡት ጎረቤቶች የእኔ ናቸው፤ በመካከላቸው ደግሞ የእኔ ያልሆነ አረንጓዴ ካርታ፣ በእኔ ስም። ልጆች የሚያምኑት የታተመውን ነው። እኔም በልጅነቴ ያመንኩት የታተመውን ነው።

ማርች 8

አክስቴ ሆስፒታል ገብታለች። ሳንባዋ ነው። ጎረቤቷ ደወለች፤ «ባለፈው ቅዳሜ ስትጠብቅሽ ዋለች» አለችኝ። እንደደረሰኝ በአውቶቡስ ሄድኩ። የኦክስጅን ጭምብሏን አነሣችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ሥዕሉን ልጆቹ አዩት?» ነው።

ገና ነው አልኳት።

ማርች 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ መጽሐፉ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ታደለ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ራዶስቲና አበባ ሰጠችኝ፣ ዐይኔን ግን አላየችም። አቶ ኮንፎርቲ ንግግር አደረጉ፤ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳሉት እሳቸውም አያውቁት። ከዚያ እኔ ለልጆቹ አንድ ሥዕል እንድሥልላቸው ተጠራሁ። ርግብ ነበር የተባለው።

ትልቅ ወረቀት ተወጥሯል። ከሰሉን አነሣሁ። ርግብ አልሣልኩም።

«ጥንቸል ነው!» አለ አንዱ።

«አይደለም፣ ካርታ ነው! ገጽ አሥራ ስድስት!»

«ጎበዝ» አልኩ። «እዚህ ካቫላ ነው። ካቫላ የእናቴ አክስት ትኖር ነበር። ቡካ ትባላለች።» ከዚያ በቀላሉ፣ ለልጆች እንደሚነገር፣ ነገርኳቸው። ፖሊስ እንደመጣ። መጋዘኑን። ማበጠሪያውን። እያወራሁ ፉርጎዎቹን እስከ ዳኑብ ደረደርኩ። ከመርከቡ በኋላ ምን እንደሆነ ስናገር፣ «ከጥቂቶች በቀር አልተመለሱም» ብቻ አልኩ። ራዶስቲና ግድግዳ ተደግፋ ነበር፤ ልታስቆመኝ ትችል ነበር፣ አላስቆመችኝም።

ፊት ወንበር የተቀመጠች ባለ ሁለት ጉንጉን ልጅ እጇን አወጣች። «ባቡሩን ማን ነዳው? ጀርመኖች?»

«አይደሉም።»

«እና ማን?»

«የእኛ ሰዎች።»

ከጎኗ ያለው ልጅ ግራ ገባው። «የእኛ ማለት? የእርስዎ ነው የእኛ?»

መምህሯ እጇን ልታጨበጭብ ስታነሣ አየሁ። ቶሎ አልኩት፦ «የእኔም፣ የአንተም። ግቢው ውስጥ ዳቦ ያመጡትም የእኔና የአንተ ናቸው። ባቡሩን የነዱትም። አንዱን ወስደን አንዱን መተው አንችልም።»

ልጁ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «እሺ» አለ። ተጨበጨበ፣ አሰለፏቸው፣ ወጡ።

ፎቶ የሚያነሣው ሰው ካሜራውን አጥፍቶ ነበር። አበባዬን ረስቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አቶ ኮንፎርቲ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው። ሰላም አላልኳቸውም፣ እሳቸውም።

በመጨረሻ፣ «ስለ ዛሬው ነገር ነገ ጠዋት ከሶፊያ ይደወልልኛል» አሉ፣ ወደ መንገዱ እያዩ። «ምን ልበላቸው?»

«እውነት ነው ይበሏቸው።»

«እውነት መሆኑንማ ካንቺ በፊት አውቃለሁ!» ብለው ዞረው ጮኹብኝ። «ምን ልበላቸው ነው የምልሽ!»

አውቶቡሱ መጣ። ክንዳቸውን ያዝኩና አብረን ተሳፈርን።